የእማዬ ቁንጥር ጨው

ውድ ወንድሜ ጭልፋ፣

ሰዉ ሁሉ «ሼፍ» እያለ ሲጠራህ እኔ ዛሬም ጭልፋ ነው የምልህ፤ ቅር ካለህ ቻለው። ጭልፋውን ከእማዬ እጅ ነጥቀህ ጠረጴዛ ሥር የተደበቅክ ዕለት የወጣልህ ስም ነው፤ በቴሌቪዥን ታየህ ተብሎ አይፋቅም። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ብቻም አይደለን፣ ይህን ስጽፍልህ ብቻዬን እየሳቅኩ ስለሆነ ባለቤቴ ከሳሎን ብቅ እያለ አይቶኝ ይመለሳል። ለምን እንደምስቅ እነግርሃለሁ፤ ግን በተራው ነው። አንተስ መጽሐፍህ ውስጥ በየገጹ «አትቸኩሉ» እያልክ ሰውን ስትቆጣ የለ? እንግዲያው አንተም አትቸኩል።

ከመታተሙ በፊት የላክልኝ የቤተሰብ ምግብ መጽሐፍህ ደርሶኛል። ፖስታውን የከፈትኩት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው፤ ስህተቴም እሱ ነው። ሥራ ቦታዬን ታውቀዋለህ፣ እኛ ጋ የገባ ወሬ ፀጉሩን ሳይሠራ አይወጣም። ሽፋኑ ላይ ነጭ ልብስህን ለብሰህ፣ እጅህን አጣምረህ ስትስቅ ያዩ ደንበኞቼ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የነበሩት ሳይቀሩ፣ ተነስተው ተሻሙት። አንዷ ነርስ ደንበኛዬ ቢጉዲኗን እንደጠቀለለች፣ አንተ በፕሮግራምህ ላይ «ድስቱ ይተንፍስ» ካልክ ወዲህ ምግቧ ሌላ እንደሆነ ነገረችን። ሌሎቹም እንደዚያው ነው የሚያደርጉት ለካ። ምግቡ ሊደርስ ሲል ክዳኑን ያነሳሉ፣ እሳቱን ይቀንሳሉ፣ ከማዕድ ቤት ወጥተው ይጠብቃሉ። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ጣዕሙ ይሰበሰባል አለችኝ፤ ደግሞ የገዛ ወንድምሽ ያለውን እንዴት አታውቂም ብላ ተገረመችብኝ። ይህችን «ይተንፍስ» የምትባል ነገር ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከመጽሐፉ ጋር የላክልኝን ማስታወሻ ግን ለማንም አላሳየሁም። ሌላው ሰው ሁሉ እንደሚያሞካሽህ፣ እውነቱን የምነግርህ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ጽፈሃል። ከሥራ ደክሜ ገብቼ በራሴ ምድጃና በራሴ ድስት እንድሞክረው፣ ለዘወትር የቤት ማብሰል ይሁን አይሁን እንድፈርድ ለምነሃል። ከታች ደግሞ በትልልቁ «እትዬ፣ የእማዬ ምዕራፍ እማዬን ካልመሰለ መጽሐፉ ይቅር። አሳታሚው የፈለገውን ይበል» ብለሃል። ይህችን ሳነብ ሆዴ ባባ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ምኑን ከምኑ አድርጌ ነው እኔ የአንተን የዓመታት ልፋት ይታተም አይታተም የምለው? ያው ግን ታውቀኛለህ፣ ፍረጂ ከተባልኩ እፈርዳለሁ።

ስማ እንግዲህ። የመጀመሪያው ምዕራፍህ «የሥራ ቀን እራት» ይላል። ደስ አለኝ፣ ይኸው ለእኔ ብጤ የተጻፈ አልኩ። ሾርባውን ልሠራ ስከፍት የመጀመሪያው መስመር «ቀደም ብለው ያዘጋጁትን መረቅ ይጨምሩ» ይላል። የቱን መረቅ ነው ወንድሜ? እኔ ቀደም ብዬ ያዘጋጀሁት ነገር ቢኖር ልጄ ነገ ለትምህርት ቤት የምታደርገውን ካልሲ ነው። ወደሚቀጥለው ገጽ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ጎመኑን «እንደ ፀጉር አቅጥነው ይክተፉ» ትላለህ። ስቆርጥ ውዬ፣ ስቆርጥ አምሽቼ፣ ቤቴም ገብቼ ፀጉር ልቁረጥ? እኔ የማውቀው ጎመን በወፍራሙም ይበስላል። ዕቃውንማ ተወው። ባለቤቴ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ቤታችን ያለው ውል ደግሞ እኔ ካበሰልኩ እሱ ያጥባል የሚል ነው። መጥበሻው፣ ማጥለያው፣ ትልቁ ድስት፣ ትንሹ ድስት፣ ሌላው ትንሹ ድስት መታጠቢያው ላይ ተቆልሎ ሲያይ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ ወንድምሽ ግን በሕይወቱ ዕቃ አጥቦ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለአንተ ክብር ስል ፎጣ አቀብዬው ወጣሁ።

እንዲህ እያልኩ ሳማህ ቅር እንዳይልህ፤ ጥሩ ጥሩውንም አልደብቅህም። ያ ሩዝ በካሮትና በእንቁላል ያልከው ነገር በአንድ መጥበሻ ተጀምሮ በአንድ መጥበሻ አለቀ፣ ጣዕሙም እጅ ያስቆረጥማል። ቀጥሎ የቲማቲሙን ድንች ሠራሁ፣ እሱም እንዲሁ። ልጄን ታውቃታለህ፣ አፏ አያርፍም፤ አንተን በቴሌቪዥን እንጂ በአካል ያየችህ ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ደግሞ ትንሽ ትጠራጠርሃለች። ሳህኗን በዳቦ ጠርጋ ከበላች በኋላ፣ ይህ አጎቴ እንደጻፈው ነው ወይስ አንቺ አሻሽለሽው ነው አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አሻሽዬው ነው» አልኳት። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው እንኳን ከአንተ እበልጣለሁ ብሎ ቢያምን ምን አለበት?

የእማዬን ምዕራፍ ሳልነካው ቆየሁ። ከሥራ ስመለስ አወጣዋለሁ፣ አያለሁ፣ መልሼ ሌላውን እከፍታለሁ። እውነቱን ልንገርህ ፈርቼ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን ልጄ ፊት ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ኧረ አንተ ልጅ ምን ዓይነት ዓይን ነው የተሰጠህ! በልጅነትህ ማዕድ ቤት በርጩማህ ላይ ተቀምጠህ ያየኸው አንድም አልጠፋህም። ሽንኩርት ስታቁላላ ግራ እጇን ወገቧ ላይ እንደምታደርግ፣ ጭልፋውን ድስቱ ጠርዝ ላይ መታ መታ እንደምታደርግ፣ ጨውን ከመስኮቱ ላይ ካለችው ጣሳ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ከፍ አድርጋ እንደምትበትን። ትንሽ ነበር የምታደርገው፣ እኔም አስታውሳለሁ። ምግቡ ሊደርስ ሲል ደግሞ ክዳኑን አንስታ «እስቲ ይተንፍስ» ትልና አንተን «ሂድ ሳህን አሰናዳ» ብላ ከማዕድ ቤት ታስወጣሃለች፣ ራሷም ተከትላህ ትወጣለች። ከዚህ በኋላ እማዬን ትተህ ሼፍ ሆነህ ስለ እንፋሎትና ስለ ጣዕም አንድ ሙሉ ገጽ ታስረዳለህ። እኔ የሳይንስ ነገር ስለማይገባኝ አልፌዋለሁ።

በማግስቱ የምስር ሾርባዋን እንደጻፍከው ሠራሁ። አንድም አልጨመርኩ፣ አንድም አልቀነስኩ። ድስቱን እንዳልከው አስተነፈስኩት። አቀረብኩ። ባለቤቴ ቀመሰና «ጤናማ ነው» አለ። ልጄ ደግሞ ሐኪም ቤት ለተኙ ሰዎች የሚሰጡት ዓይነት ነው አለች። እኔም ቀመስኩት፤ አልጫ ነው። በሌላ ቀን ዶሮዋን በድንች ሠራሁ፣ ያም አልጫ። ጎመኑም ያው። ጨው ጨምሪበት ትለኝ ይሆናል። ገበታ ላይ ጨመርኩ፣ ጨው ጨው አለ እንጂ እማዬን እማዬን አላለም።

ነገሩ ግራ ገባኝ ወንድሜ። በዓይኔ ያየሁት ያችን ትንሽ ቁንጥር ነው፣ አንተም ያየኸው እሷኑ ነው። ምላሴ የሚያስታውሰው ግን ሌላ ነው። ዓይኔና ምላሴ ተጣሉ። አንተ ጋ የሚሳካበት ምክንያትማ ይገባኛል፤ አንተ በውሃ ፋንታ የምታፈስበት መረቅ ራሱ ጨው ያለው ነው፣ እኔ ቤት ግን ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ ነው። እማዬስ? እማዬም እንደኔ የቧንቧ ውሃ ነበር የነበራት።

ያን ሰሞን ልቤ ውስጥ አንድ ክፉ ሐሳብ ገባ። ምናልባት የእማዬ ምግብ ሁልጊዜም እንዲህ ነበር፣ እኛ ስለራበንና ስለምንወዳት ነው የጣፈጠን አልኩ። ይህን ላንተ ከምጽፍልህ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል። ዋሽቼ ይታተም ብልህ ደግሞ የማያውቋት ሰዎች በየቤታቸው ሠርተው ይቀምሱና፣ የሼፉ እናት ሙያ አልነበራትም ይላሉ። ነርሷ ራሷ ካስክ ሥር ተቀምጣ ስትለው ታየኝ። እማዬን! የሰፈሩ ሰው የወጧ ሽታ ሲደርሰው ተከትሎ የሚመጣላትን ሴት! ፀጉር ስሠራ እጄ እየሠራ ልቤ ሌላ ቦታ ሆነ፤ አንዷን ደንበኛዬን አሳጥሪልኝ ካለችው በላይ አሳጥሬ ላኳት። ደግነቱ አማረባት።

መጨረሻ ላይ ድስቱ ይሆናል አልኩ። የእማዬ ድስት ያለው አባዬ ጋ ነው። እሁድ ምስሩን፣ ሽንኩርቱን፣ መጽሐፍህንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ድሮው ቤታችን ሄድኩ። ባለቤቴና ልጄ ኋላ ይመጣሉ ብዬ ነው፤ እንዲያውም ባይመጡ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልጫ ከሆነ ብቻዬን ልፈር።

አባዬን ብታየው ደስ ይልሃል። ጡረታ ከወጣ ይኸው ስንት ጊዜው፣ ዛሬም ግን ያንን ረጅም አውቶቡስ የሚነዳ ይመስል ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ዛሬም ከውጭ ሲገባ በጓሮ ዞሮ በማዕድ ቤቱ በር ነው። የፊት ለፊቱን በር ለምን አትከፍተውም ስለው፣ እሱ ለእንግዳ ነው አለኝ። መጽሐፉን ሰጠሁት። ሽፋኑ ላይ ፎቶህን አራቀው፣ አቀረበው፣ መነጽሩን አድርጎ አየው፣ ከዚያ «ወፍሯል» አለ። ይኸው ነው። ግን መጽሐፉን አልመለሰልኝም፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ እስቲ አንብቢልኝ አለ።

አነበብኩለት። ጭልፋዬ፣ ስታነብ ሰውዬው ምን እየጠበቀ እንደሆነ ያስታውቃል። እየጠበቀ ያለው ራሱን ነው። በርጩማው መጣ፣ መስኮቱ መጣ፣ የጎረቤት ድመት ሳትቀር መጣች። አባዬ የመጣው በአንዲት መስመር ነው፤ «አባታችን ከሥራ ሲመለስ ምግቡ ደርሶ ይጠብቀው ነበር» ትላለህ። አለቀ። አባዬ አትክልቱን ውሃ ላጠጣ ብሎ ቀሪውን ሳይሰማ ወደ ጓሮ ወጣ። ውሃ ያጠጣው ጠዋት ነው።

አልፈርድብህም። አንተ ሆቴል ወጥ ቤት ልትቀጠር ሻንጣህን ስትይዝ «ወንድ ልጅ አሳድጌ ድስት ሥር ሊጎለት?» ያለህን እኔም ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስትደውል ጤናህስ፣ ሥራስ ትባባሉና ስልኩ ወደ እኔ ይመጣል። እማዬ ያረፈች ጊዜ እንኳን ከለቀስተኛው ጋር በፊት ለፊት በር ገብተህ በፊት ለፊት በር ነው የወጣኸው፤ እዚያ ቤት እህል ሳትቀምስ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ያችን አንድ መስመር ካነበብኩለት በኋላ መጽሐፉን ከድኜ አስቀመጥኩት።

ምግቡን ጀመርኩ። በእማዬ ድስት፣ በእማዬ ምድጃ፣ ሽንኩርቱን ሳቁላላ ግራ እጄን ወገቤ ላይ ማድረግ ሁሉ አልቀረኝም። ጨውን ከመስኮቱ ጣሳ በሦስት ጣቴ ቆንጥሬ በተንኩ። ሊደርስ ሲል ክዳኑን አንስቼ፣ ማንም ባይሰማኝም «እስቲ ይተንፍስ» ብዬ ሳህን ላሰናዳ ወጣሁ። አባዬ ከጓሮ ሲገባ፣ ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ሲታጠብ ይሰማኛል። ባለቤቴና ልጄም ደረሱ። ቀድቼ አቀረብኩና ማንኪያዬን አነሳሁ።

ጭልፋዬ፣ እማዬ ናት! ራሷ እማዬ! ማንኪያው አፌ ውስጥ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ምስሩ፣ ሽንኩርቱ፣ ያ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ሞቅታ፣ ሁሉም አለ። ዕንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ፣ የቱን ላስቀድም? ልጄ ሳህኗን ገፍታ ድገሚኝ አለች፤ ባለቤቴ ደግሞ ጤናማ የሚለውን ቃል ረሳው። ተነስቼ ሄጄ ድስቱን ልስመው ምንም አልቀረኝ፣ ትኩስ ስለሆነ ነው የተውኩት። «ድስቱ ነው! ምስጢሩ ድስቱ ነው!» እላለሁ። ያገር ሰው ሁሉ የእማዬን ድስት ከየት ያመጣል የሚለው ሐሳብ ገና አልመጣልኝም።

አባዬ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። እኔ በደስታዬ፣ ልጅህ ምን ያህል እንደሚያውቅ ስማ ብዬ መጽሐፉን አመጣሁና ስለ መተንፈስ የጻፍከውን አነበብኩለት። ክዳኑን እንደምታነሳ፣ ምን እንደምትል፣ አንተን እንዴት እንደምታስወጣህ፣ እሷም ተከትላህ እንደምትወጣ። አባዬ ማኘኩን አቆመ።

«ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት።

«ክዳኑን ራሷ ነበረች የምታነሳው?»

«ራሷ ናት ይላል። ሁልጊዜ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ያመመው መስሎኝ ተነሳሁ። ሳቅ ነው። አባዬ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከት ከት ብሎ፣ ጠረጴዛውን እየመታ፣ ዕንባው በመነጽሩ ሥር እየወረደ ሳቀ። እኛም ምን እንደሆነ ሳናውቅ አብረነው ሳቅን። ሳቁ ሲበርድለት ነው የነገረን።

እንደተጋቡ ሰሞን ነው አሉ። አባዬ እንግዶች ፊት፣ ምግቡ ጨው ያንሰዋል አለ። እማዬ በሰው ፊት አዋረድከኝ ብላ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችው። ያን ጊዜ በምግቧ ላይ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም ብሎ ማለ። መሐላውን ግን ምላሱ አልሰማም። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ በጓሮ ዞሮ ይገባል፣ ማዕድ ቤቱ ባዶ መሆኑን ያያል፣ ከጣሳዋ ጨው ይጨምራል፣ በጭልፋው ያማስላል፣ ድምፁ እንዳይሰማ ደግሞ ቧንቧውን ክፍት አድርጎ እጁን ሲታጠብ የቆየ ይመስላል። በየቀኑ። አንተና እኔ ተወልደን፣ አድገን፣ ከቤት እስክንወጣ። አንድም ቀን አልተያዝኩም ብሎ ይኮራ ነበር እኮ!

«ማዕድ ቤቱ ባዶ፣ ክዳኑ የተከፈተ ሳገኘው ዕድሌ ነው እል ነበር» አለ አባዬ። «ለካ ትጠብቀኝ ኖሯል። የእኔን ቦታ ትታልኝ ነው ለካ ትንሽ የምትቆነጥረው።»

ከዚያ እኔ፣ ዛሬስ ብዬ ጠየቅኩት። ሳህኑን እያየ «ዛሬም ክፍት አገኘሁት» አለ።

ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባኝ ምን እንደታየኝ ታውቃለህ? ነርሷ ታየችኝ። ደንበኞቼ በሙሉ ታዩኝ። ያንተን ፕሮግራም የሚያይ ሰው ሁሉ በየቤቱ ክዳኑን አንስቶ፣ እሳቱን ቀንሶ፣ ከማዕድ ቤቱ ወጥቶ አባዬን እየጠበቀ ነው! ይህን ስነግረው አባዬ እንደገና በሳቅ ፈረሰ፤ በእግሬማ ሁሉንም ቤት አላዳርስም፣ አውቶቡሱን ይመልሱልኝ አለ። አንተ ሼፍ፣ አንተ ሊቅ፣ ስለ እንፋሎት አንድ ገጽ ጻፍክ! እማዬ በሰማች። የት እንደምትስቅ አውቃለሁ፣ ወገቧን ይዛ መስኮቱ ጋ ነበር የምትስቀው።

ሳቁ ሲያልቅ አባዬ መጽሐፉን አንስቶ ፎቶህን እንደገና አየው። «እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ሥር ነበርኩ» አለ። «ልጁን ግን ተቆጣሁት።» ይህን ለእኔ አልነበረም የሚለው፣ ለሽፋኑ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ይህን ይህን ጻፊለት አለኝ፤ ለወትሮው ቃል ቆጥሮ የሚያወጣ ሰው ወሬው ማለቂያ አጣ። የሽንኩርቱን ሾርባ እሱ ሎሚ ሲያደርግበት እንደነበር፣ ጎመኑን ግን ነክቶ እንደማያውቅ፣ ጎመን የእማዬ ብቻ እንደሆነ። ያልነካው ጎመን ደግሞ እኔ ቤት ለምን አልጫ እንደሆነ ስጠይቀው፣ አንቺ ስለማትችዪ ነው አለኝ። ፍርዱን ተቀብያለሁ። ያንን መጽሐፍ እማዬ የጻፈችለት ይመስል ነው የሚያቅፈው፤ አንተ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ያየኸውን ባትጽፍ ኖሮ ይህ ሰው ሳያውቅ ሊሞት ነበር። ይህን ያደረግከው አንተ ነህ፤ ሽልማቶችህን ሁሉ አንድ ላይ ብታስቀምጣቸው ይህን አያክሉም።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው። መረቁን አውጣው፤ ወይ በውሃ የሚሠራበትን ጻፍልን። ጎመኑን እንደ ፀጉር መክተፍ የፈለገ ሰው ወደ እኔ ይምጣና ሥራ ልስጠው። ድስት ቀንስልን፣ ለባለቤቴ ስትል። ሩዙንና የቲማቲሙን ድንች እንዳትነካቸው። የእማዬ ምዕራፍ እማዬን ይመስላል ወይ ብለህ ነበር። ይመስላል ወንድሜ፣ ቁርጥ እሷን ነው። አባዬ ነው የጎደለው። ጨውን አትጨምር፣ የእማዬ ቁንጥር ያችው ትሁን። ግን «ምግቡ ደርሶ ይጠብቀው ነበር» ያልካትን መስመር ሰርዛት፣ ውሸት ናት። አባዬ ሳይመጣ ምግቡ ደርሶ አያውቅም። በቦታዋ የሆነውን ጻፍ፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ ወጥቶ ተመልሶ በጓሮ ይግባና ለራሱ ይጨምር። ከዚያ መጽሐፉ ይታተም፣ ፀጉር ቤቴ መስኮት ላይ እደረድረዋለሁ።

አሳታሚውን ግን ትንሽ እንዲታገስህ ንገረው፣ ከመታተሙ በፊት መምጣት አለብህ። እሁድ ነው። ምስሩን እኔ እሠራለሁ፣ ጨው የእማዬን ያህል ብቻ ነው የማደርገው፣ ምላሴን ነክሼም ቢሆን። ሳህን የሚያሰናዳው አባዬ ነው፤ ራሱ ነው እኔ ነኝ ያለው፣ ከአሁኑ እየተለማመደ አንዱን ሰብሯል። ሌላም መልእክት አለው፣ እንደነገረኝ ነው የምጽፍልህ፤ በፊት ለፊት በር እንዳይመጣ፣ እሱ ለእንግዳ ነው አለ።

ስትደርስ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ማንም አይኖርም። ክዳኑ ተነስቷል። ጣሳዋ እዚያው መስኮቱ ላይ ናት።

የምትወድህ
እህትህ